ማሽኑ አለ፣ መልሱ ግን የታለ? የመንግሥት ሆስፒታል የኤክስሬይና የሲቲ ስካን ክፍል እንዴት ይገምገም

ገምጋሚ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ሆስፒታል ውስጥ የሰራ ሁሉ ያውቀዋል። ኮሪደሩ ይወለወላል፣ ነጭ ጋወን ከየሎከሩ ይወጣል፣ በሩ ላይ ለወራት ተለጥፎ ጫፉ የተጠቀለለው "ማሽኑ ለጊዜው አይሰራም" የሚለው ወረቀት ይነሳና የፕላስተሩ ምልክት ብቻ ይቀራል። ገምጋሚዎቹ ቼክሊስታቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ኤክስሬይ አለ? አለ። አልትራሳውንድ? ሁለት አለ። ሲቲ ስካን? አለ። ኤምአርአይ? እሱም አለ። ራይት፣ ራይት፣ ራይት፣ ራይት። ከዛ ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ፣ ሪፖርቱ ላይም "አገልግሎቱ የተሟላ ነው" ተብሎ ይፃፋል።

ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ግን የተሟላ ምናምን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሐኪሙ ወረቀት ፅፎ እንደሰጠው፣ ወረቀቱን ይዞ ከመስኮት መስኮት እንደዞረ፣ መጨረሻ ላይም "በቀጠሮህ ቀን ና" እንደተባለ ነው።

እኔ ማለት የፈለኩት ነገር አንድ ነው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ መቆጠር ያለበት ማሽን ሳይሆን መልስ ነው። ሐኪም ወረቀት ሲልክ ጥያቄ ነው የሚልከው፣ የዚህ ሰውዬ ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሷል ወይስ አልፈሰሰም? ይሄ አጥንት ተሰብሯል? ፅንሱ እንዴት ነው የተኛው? መልሱ ትክክል ሆኖ፣ ጊዜው ሳያልፍ፣ ጠያቂው እጅ ከገባና ህክምናውን ከቀየረ ወይም ካረጋገጠ አገልግሎት ተሰጥቷል። ካልገባ ግን ሰውየው ጨረር ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ ማለት ነው እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም።

ይሄ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። አቬዲስ ዶናቤዲያን የሚባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 የህክምና ጥራት በሶስት በኩል ይታያል ብሎ ነበር፣ ምን አላችሁ፣ በሱ ምን ትሰራላችሁ፣ ከዛ ታካሚው ምን ሆነ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ብዙ ግምገማ እስካሁን የመጀመሪያው ላይ ቆሟል፣ ምክንያቱም እቃ ለመቁጠር ግማሽ ቀን ይበቃል።

እስቲ "አለ" ከሚለው ቃል እንጀምር። ማሽን አለ ሲባል ምን ማለት ነው? ካርቶን ውስጥ ያለም አለ ነው፣ ተገጥሞ ኃይል ያልደረሰውም አለ ነው፣ ጠዋት ሰርቶ ከሰዓት የሚሞቅበትና የሚቆምም አለ ነው፣ ማሽኑ ደህና ሆኖ ኮንትራስት የሚባለው በደም ስር የሚሰጠው መድኃኒት ካለቀ ሁለት ወር የሆነውም አለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ህክምና መሣሪያ ልገሳ ባወጣው ፅሁፍ ላይ በአንዳንድ አገሮች በልገሳ ከሚመጣው መሣሪያ ሥራ ላይ የሚውለው ከ10 እስከ 30 ፐርሰንቱ ብቻ እንደሆነ ገልጿል። የቀረው የት ነው? መጋዘን፣ ኮሪደር ጥግ፣ ወይ ደግሞ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ። ቼክሊስቱ ላይ ግን ራይት ተደርጎበታል።

ለምን እንደሚበላሹ ማወቅ ለግምገማው በጣም ይጠቅማል፣ ትንሽ ልዘርዝረው። የኤክስሬይ ቱቦ ውስጥ ከሚገባው ኃይል ጨረር ሆኖ የሚወጣው 1 ፐርሰንት እንኳን የማይሞላ ነው፣ 99 ፐርሰንቱ ሙቀት ነው። ስለዚህ ቱቦ ማለት በየቀኑ የሚነድ ነገር ነው፣ እድሜ አለው፣ ጠዋት ቀስ በቀስ ሳይሞቅ በቀጥታ ከባድ ሥራ ከተጫነበት ውስጡ ያለው አኖድ (ጨረሩ የሚፈጠርበት የብረት ክፍል) ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠዋት ኮሪደሩ በሰው ተሞልቶ፣ ሰው እየጮኸ፣ ማነው ማሽኑ እስኪሞቅ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው? ራዲዮግራፈሩ (ምስሉን የሚያነሳው ባለሙያ) ላይ አልፈርድም፣ ግን ገምጋሚ ከሆንኩ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ጠዋት ከማን በፊት ነው ማሽኑን የምታሞቁት" የሚል ነው። መልሱ ፊቱ ላይ ይነበባል።

ኤምአርአይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ማግኔቱ የሚሰራው ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ነው፣ ያንን የሚይዝለት ፈሳሽ ሂሊየም ነው፣ በተለመዱት ማሽኖች ውስጥ ከ1,000 ሊትር በላይ ይገባል (በቅርብ ዓመታት ወደ 7 ሊትር ብቻ የሚይዙ የታሸጉ ዓይነቶችም መጥተዋል)። ማቀዝቀዣው ሲቆም ሂሊየሙ እየተነነ ይሄዳል። እና መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ለቀዶ ጥገና ክፍል ብቻ ከተመደበ፣ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያጠፋ፣ ውድ ነገር አየር ላይ ይሄዳል ማለት ነው። ኤምአርአይ አላችሁ ወይ ከማለት ይልቅ "መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን የሚይዘው ምንድነው" ማለት ይሻላል።

ጥገናው ጋ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ለትልልቆቹ ማሽኖች የዓመት የሰርቪስ ኮንትራት ብዙ ጊዜ ከግዢው ዋጋ 10 ፐርሰንት አካባቢ ይደርሳል። በ10 ዓመት ውስጥ ሌላ ማሽን ገዛህ ማለት እኮ ነው! የመንግሥት በጀት ግን ግዢን በአንድ ሳጥን፣ ጥገናን በሌላ ሳጥን ያስቀምጣል፣ ለግዢው ሪባን ይቆረጣል፣ ለጥገናው ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይቼ አላውቅም። ከዛ ዋስትናው ያልፋል፣ የሆነች ቦርድ ትቃጠላለች፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሩ የተቃጠለውን በአንድ ሰዓት ይለየዋል ግን መለዋወጫው ጨረታ ይፈልጋል፣ ጨረታው ኮሚቴ ይፈልጋል፣ ኮሚቴው ፊርማ ይፈልጋል፣ ጫፉ የተጠቀለለው ወረቀት በሩ ላይ የሚሰነብተው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥር ላይ ደግሞ አንድ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። "ማሽናችን 95 ፐርሰንት ይሰራል" ሲባል ጥሩ ይመስላል አይደል? ከ365 ቀን 5 ፐርሰንቱ 18 ቀን ነው። 98 ፐርሰንት ከሆነ 7 ቀን ገደማ። በዛ ላይ አቆጣጠሩ ራሱ ይለያያል፣ አንዳንዱ ውል የሚቆጥረው የሥራ ሰዓትን ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ማሽኑ የቆመው ቴክኒሻኑ ተጠርቶ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚለው፣ ማለትም እስኪደርስ የጠበቁት ሁለት ቀን የትም አልተመዘገበም። እኔ ብሆን የኩባንያውን ቁጥር ትቼ የክፍሉን መዝገብ ነው የማየው፣ በየቀኑ ስንት ሰው ተነሳ የሚለውን። መዝገቡ ላይ ረቡዕ 24፣ ሐሙስ 22፣ አርብ ባዶ፣ ሰኞ ባዶ፣ ማክሰኞ ባዶ ካለ እውነቱ እሱ ነው።

አሁን ወረፋ። ወረፋን ብዙ ሰው የሚያየው እንደ ትዕግስት ጉዳይ ነው፣ እንደ ሒሳብ ግን አያየውም። አንድ ሲቲ በቀን 20 ሰው ይሰራል እንበል፣ በቀን የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ 22 ነው። ልዩነቱ 2 ሰው ነው፣ ምንም አይመስልም። በ250 የሥራ ቀን ግን 500 ሰው ይጠራቀማል፣ 500 ሰው በቀን 20 ሲካፈል ደግሞ ዛሬ የመጣ ሰው 25 የሥራ ቀን ይጠብቃል። ማንም አልሰነፈም፣ ማንም አልሰረቀም፣ 2 ሰው ብቻ ነው የበለጠው። እንዲህ ዓይነት ወረፋ ሲታይ ሁሉም ሰው "ሁለተኛ ማሽን ይገዛ" ይላል፣ ግን ማሽኑ ጠዋት 3 ሰዓት ተጀምሮ 9 ሰዓት የሚዘጋ ከሆነ አንድ ፈረቃ መጨመር ከማሽን መግዛት በጣም ይረክሳል። ወይ ደግሞ በቀን 3 የማያስፈልግ ጥያቄ ቢቀር ወረፋው ራሱ እየቀነሰ ይመጣል (እሱን ወደኋላ እመጣበታለሁ)።

ሁሉም ወረፋ እኩል አይደለም ደግሞ። ስትሮክ መትቶት የገባ ሰው በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የአንጎል ሴል ያጣል ተብሎ ይገመታል፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ እሱም መጀመሪያ ሲቲ ተነስቶ ደም እንዳልፈሰሰ ሲረጋገጥ ብቻ። ለዚህ ነው መመሪያዎቹ ታካሚው በር ከገባ በ20 ወይ በ25 ደቂቃ ውስጥ ይነሳ የሚሉት። ስለዚህ "አማካይ የመጠበቂያ ጊዜያችን 4 ቀን ነው" የሚል ሪፖርት ለኔ ምንም አይነግረኝም። የ4 ቀኑ አማካይ ውስጥ በ30 ደቂቃ የተነሳ ስትሮክና 12 ቀን የጠበቀ የሳይነስ ታካሚ ካሉ ክፍሉ ጥሩ ነው፣ ስትሮኩም ሳይነሱም እኩል 4 ቀን ከጠበቁ ግን አደጋ ነው። አማካዩ ሁለቱንም እኩል አድርጎ ይደብቃቸዋል።

ምስሉ ተነሳ እንበል። አሁን ማነው የሚያነበው?

አንዴ አባቴን ይዤ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄጄ ነበር፣ ሲቲው ራሱ 10 ደቂቃ አልፈጀም፣ ልጅቷም ጎበዝ ነበረች፣ ትንፋሽዎን ይያዙ አባቴ፣ ይልቀቁ፣ አለቀ። ሪፖርቱ የመጣው በ11ኛው ቀን ነው። በ3ኛው ቀን ሐኪሙ ሲቸግረው ፊልሙን መስኮቱ ላይ ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው፣ በስልኩም ፎቶ አነሳው፣ ለጓደኛው ላከው፣ ህክምናውም በዛ ተጀመረ። 11ኛው ቀን ላይ ሪፖርቱን ስቀበል መሳቢያው ውስጥ ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው ሪፖርቶች በላስቲክ ታስረው አየሁ፣ በጣት የሚያህል ውፍረት ይኖራቸዋል። ሰዎቹ ድነው ይሁን፣ ሌላ ቦታ ሄደው ይሁን፣ ሞተው ይሁን እግዜር ይወቅ። የክፍሉ የዓመት ሪፖርት ላይ ግን ሁሉም "አገልግሎት ያገኙ" ተብለው ተቆጥረዋል።

ስለዚህ ሰዓቱን ሶስት ቦታ ቆርጦ መለካት ያስፈልጋል፣ ከወረቀት እስከ መነሳት፣ ከመነሳት እስከ ንባብ፣ ከንባብ እስከ ሐኪሙ እጅ። ብዙ ቦታ የሚለካው የመጀመሪያው ነው፣ ታካሚውን የሚጎዱት ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛውና ሶስተኛው ናቸው። ሶስተኛውማ የማንም ሥራ አይደለም ተብሎ የተተወ ነው፣ ራዲዮሎጂስቱ (ምስሉን የሚያነበው ሐኪም) ፅፌያለሁ ይላል፣ ሐኪሙ አልደረሰኝም ይላል፣ በመሃል ያለው መሳቢያው ነው። ድንገተኛ ነገር ሲገኝ፣ ለምሳሌ ከሳንባ ወጥቶ ደረት ውስጥ የተጠራቀመ አየር ወይ የተቀደደ የደም ስር፣ ራዲዮሎጂስቱ ስልክ አንስቶ ለሐኪሙ መናገር አለበት፣ የተናገረበት ሰዓትም ሪፖርቱ ላይ ይፃፋል። ገምጋሚው 20 እንደዚህ ዓይነት ሪፖርት አውጥቶ ስንቱ ላይ የስልኩ ሰዓት እንደተፃፈ ይቁጠር፣ ስለ ክፍሉ ብዙ ያውቃል።

የንባቡ ትክክለኛነት ደግሞ ሰው የሚፈራው ርዕስ ነው። ጋርላንድ የሚባል አሜሪካዊ ራዲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1949 ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ችግር ካለባቸው የደረት ፊልሞች ወደ 30 ፐርሰንቱን እንደሚያልፏቸው አሳይቶ ሙያውን ሁሉ አስደንግጦ ነበር። ከሱ የሚገርመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ነው። ተመራማሪዎች የሳንባ ሲቲ ላይ የጎሪላ ምስል አስገቡበት፣ ከሚፈለገው እብጠት 48 እጥፍ የሚበልጥ ጎሪላ፣ ለ24 ራዲዮሎጂስቶች ሰጧቸው፣ 20ዎቹ አላዩትም። ካላዩት ውስጥ ከግማሽ በላዩማ ዓይናቸው እያረፈበት ነው ያላዩት! እብጠት ፈልጉ ተብለዋል፣ እብጠት ፈለጉ። ይሄ ሰውን ለመክሰስ አይደለም፣ ዓይን እንደዚህ ነው የሚሰራው። ለዛ ነው ጥሩ ክፍል ከተነበበው ውስጥ የተወሰነውን በዕጣ አውጥቶ ለሌላ ባለሙያ በድጋሚ የሚያስነብበውና ልዩነቱን ስም ሳይጠራ በስብሰባ የሚያወያየው። "እኛ ጋ ስህተት የለም" የሚል ክፍል ካጋጠማችሁ ስህተት የሚፈልግ ሰው የለም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ያነብልናል የሚባል ወሬ በዝቷል። ያግዛል፣ በተለይ የሚጣደፈውን ከማይጣደፈው ለመለየት። ግን መሳቢያ ውስጥ የቀረን ሪፖርት ኤአይ አያወጣውም።

ወደ ጨረር እንምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም ታካሚው የማያየው፣ የማይሸተው፣ የማይጠይቀው ነገር ነው። አንድ የደረት ኤክስሬይ ወደ 0.02 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ ኢምንት። የሆድ ሲቲ ግን ከ8 እስከ 10 ሚሊሲቨርት ይደርሳል። ሰው ዝም ብሎ ከመሬትና ከሰማይ በዓመት የሚቀበለው በዓለም አማካይ 2.4 ነው፣ ስለዚህ አንድ የሆድ ሲቲ ከ3 እስከ 4 ዓመት የተፈጥሮ ጨረር ያህላል ማለት ነው። አስፈላጊ ከሆነ ምንም ችግር የለውም፣ ጥቅሙ በብዙ ይበልጣል፣ ችግሩ ሳያስፈልግ ወይም ከሚገባው በላይ ሲሆን ነው።

ከሚገባው በላይ እንዴት ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የተገለጠውን ነገር ላውራችሁ። አንድ ትልቅ ሆስፒታል ለስትሮክ ታካሚዎች የሚያነሳው የአንጎል ሲቲ ሴቲንጉ ተቀይሮ ከተለመደው 8 እጥፍ ገደማ ጨረር ሲሰጥ 18 ወር ቆየ፣ 206 ሰው። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ቱቦው ደህና፣ ምስሉ እንደውም ያማረ። የጨረሩ መጠን በየታካሚው ስክሪኑ ላይ ቁጥር ሆኖ ይታይ ነበር፣ የሚያየው ግን አልነበረም። በምን ታወቀ መሰላችሁ? አንድ ታካሚ ፀጉሬ በቦታ በቦታ እየረገፈ ነው ብሎ ተናገረ። በቃ። ከቴክኖሎጂው፣ ከባለሙያው፣ ከፈቃዱ፣ ከኢንስፔክሽኑ ሁሉ ቀድሞ የተናገረው የሰው ራስ ፀጉር ነው። ቼክሊስት ቢሆን ያ ክፍል መቶ በመቶ ያልፍ ነበር።

ለዚህ መፍትሔው ውድ አይደለም። የሲቲ ማሽን እያንዳንዱን ታካሚ ሲጨርስ የጨረሩን መጠን ይመዘግባል፣ ለአንድ ምርመራ ለምሳሌ ለጭንቅላት የ30 ሰው ቁጥር ሰብስቦ መካከለኛውን ማውጣትና በአገር ደረጃ ከተቀመጠው የማመሳከሪያ መጠን ጋር ማስተያየት ነው። ከበለጠ ለምን ብሎ መጠየቅ። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፣ እስክሪብቶና ወረቀት ካለ ኮምፒውተርም አይፈልግም።

ኤክስሬይ ላይ ደግሞ የዲጂታል ወጥመድ አለ። በድሮው ፊልም ጊዜ ጨረር ከበዛ ፊልሙ ይጠቁር ነበር፣ ሰው ስህተቱን ያየዋል። ዲጂታሉ ግን የበዛውን ራሱ አስተካክሎ ቆንጆ ምስል ያወጣል፣ ያነሰው ላይ ነው የሚሻክረው። እና ራዲዮግራፈሩ ምስሉ ሻካራ ነው ተብሎ እንዳይመለስበት ትንሽ ይጨምራል፣ በሚቀጥለው ወር ትንሽ፣ ዓመት ሲሞላ ከጀመረበት እጥፍ ላይ ደርሶ ማንም አላወቀም። የሚደገሙት ምስሎች ቁጥርም መታየት አለበት፣ የአሜሪካ የሕክምና ፊዚሲስቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር 8 ፐርሰንት አካባቢ ይሁን፣ 10 ካለፈ ምክንያቱ ይመርመር ብሏል። 1 ፐርሰንት ብቻ ነው የሚደገመው የሚል ክፍል ከመጣ ግን እኔ አልደሰትም፣ ወይ እየተሰረዘ ነው ወይ መጥፎው ምስል እንዳለ እያለፈ ነው።

በእጅ የሚነካ ነገር ከፈለጋችሁ ጨረር የሚከላከለውን፣ እርሳስ የሚባለው ብረት ያለበትን ሽርጥ ተመልከቱት። ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሏል ወይስ ታጥፎ ወንበር ላይ ተጥሏል? ታጥፎ የሚቀመጥ ሽርጥ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ከላይ ጨርቁ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ግን ክፍት። ኤክስሬይ ራሱ ስር አስቀምጦ ማንሳት ነው፣ ስንጥቁ መስመር ሆኖ ይታያል። አልትራሳውንድ ላይ ደግሞ አንዲት የወረቀት ክሊፕ ትበቃለች። ክሊፗን ዘርግቶ ፕሮቡ (ሰውነት ላይ የሚደረገው የማሽኑ እጅ) ፊት ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ መጎተት፣ ስክሪኑ ላይ አብሮ የሚሄድ ብሩህ መስመር ይታያል፣ መስመሩ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ያለው፣ ድምፁን የሚልከውና የሚቀበለው ክሪስታል ሞቷል ማለት ነው። ሁለት አልትራሳውንድ አለን ተብሎ ራይት የተደረገበት ክፍል ውስጥ አንደኛው ፕሮብ ግማሽ ዓይኑ የጠፋ ሊሆን ይችላል፣ በሱ የፅንስ ልብ እየታየበት።

ኤምአርአይ ክፍል ከሆነ ደግሞ ባለሙያውን ሳይሆን ማታ የሚያፀዳውን ሰው ጠይቁ። ማሽኑ ጠፍቷል ብሎ ያስባል ወይ? ማግኔቱ ሌሊትም አይጠፋም፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ኒውዮርክ ውስጥ የ6 ዓመት ልጅ የሞተው ወደ ክፍሉ በገባ የኦክስጅን ሲሊንደር ነው፣ ማግኔቱ ስቦት።

ቼክሊስቶች ያረጃሉም። ብዙዎቹ ላይ እስካሁን "የታካሚው የመራቢያ አካል መሸፈኛ አለ?" የሚል ጥያቄ አለ፣ ቅድም ያልኩት የአሜሪካ የሕክምና ፊዚሲስቶች ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ይሄን በዘልማድ ማድረግ ይቅር ብሏል፣ ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ቦታውን ከሳተ ደግሞ የሚፈለገውን አካል ይሸፍናል፣ ማሽኑም ራሱ ጨረር እንዲጨምር ሊያደርገው ይችላል። ድሮ ጥሩ ልምድ የነበረ ነገር ዛሬ ነጥብ የሚያስቀንስ ሆነ፣ ቼክሊስቱን ያተመው ሰው ግን አልሰማም።

አሁን ቅድም ወደኋላ እመጣበታለሁ ያልኩት ነገር፣ ጥያቄው ራሱ። ክፍሉን ስንገመግም ሁሌ የምንወቅሰው መልስ ሰጪውን ነው፣ ጠያቂውስ? የሰሞኑን የምርመራ መጠየቂያ ወረቀቶች አንድ እፍኝ አንሱና እዩ፣ "ሲቲ ጭንቅላት" ብሎ ከታች ለህመሙ ታሪክ የተተወው መስመር ባዶ ነው፣ ወይ "ራስ ምታት" ይላል። ለስንት ቀን? ወድቆ ነው? ያስመልሰዋል? ራዲዮሎጂስቱ ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ነው የሚያየው፣ ጎሪላውን አስታውሱ።

በዛ ላይ ሳያስፈልግ የሚታዘዘው። ወገቤን አመመኝ ያለ ሰው ሁሉ ኤምአርአይ ይታዘዝለታል። የነርቭ ድክመት፣ የሽንት መቋጠር ችግር፣ ካንሰር ወይም ኢንፌክሽን የሚያስጠረጥር ነገር ከሌለ መመሪያዎቹ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት አያስፈልግም ነው የሚሉት፣ ምክንያቱም አብዛኛው በራሱ ይሻለዋል። ምስሉ ደግሞ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ምንም ህመም የሌላቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል ተሰብስቦ ሲታይ በ20 ዓመታቸው ካሉት 37 ፐርሰንቱ፣ በ80 ካሉት 96 ፐርሰንቱ ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ ተገኝቷል። የማያማቸው ሰዎች እኮ ናቸው! ሰውየው ግን "ዲስክህ አርጅቷል" የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል፣ ከዛ ቀን ጀምሮ እቃ ማንሳት ይፈራል፣ የሱ ሰዓት ደግሞ ከአንድ እጢ ከሚጠረጠርባት ሴት ሰዓት ላይ ነው የተወሰደው። ቅድም ሲቲው ላይ ያልናቸው በቀን 2 ትርፍ ሰዎችም እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ውስጥ ናቸው።

ወደ ውጭ የሚላከውም መቆጠር አለበት፣ "እኛ ጋ አይሰራም፣ የግል ተነሳ" ተብሎ ወረቀት የያዘ ሰው በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ የለም፣ ኪሱ ላይ ግን አለ፣ የሌለው ደግሞ ሳይነሳ ይቀራል። ላንሴት የሚባለው የህክምና መፅሔት ያቋቋመው የዲያግኖስቲክስ (የምርመራ) ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ሕዝብ 47 ፐርሰንቱ ምርመራ የማግኘት ዕድሉ ትንሽ ወይም ጭራሽ የለም ያለው ላቦራቶሪውንም ምስሉንም ጨምሮ ነው። እዛ ውስጥ ማሽን የሌለበት ቦታ ያለ ሰው እንዳለ ሁሉ ማሽን ካለበት ግድግዳ ማዶ የተቀመጠም አለ።

እንግዲህ እኔ ብጠየቅ ግምገማውን እንዲህ ነው የምሰራው። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ለራዲዮሎጂ ክፍሎች የሚሆን ሰፊ የኦዲት መመሪያ አውጥቷል፣ ጊዜና ሰው ላለው እሱ በጣም ጥሩ ነው። ለሌለው ግን ሁለት ሰው፣ አንድ ሳምንት፣ 50 ወረቀት። ካለፈው ወር 50 የምርመራ መጠየቂያ በዕጣ ማውጣት፣ 10ሩ የግድ ከድንገተኛ ክፍል፣ 10ሩ የግድ በማታና በበዓል ቀን የታዘዙ፣ ምክንያቱም በሥራ ቀን ጠዋት ሁሉም ክፍል ጥሩ ነው። ከዛ እያንዳንዷን ወረቀት በእግር መከተል፣ መቼ ታዘዘች፣ የህመሙ ታሪክ ተፅፏል ወይ፣ መቼ ተነሳች ወይስ ሳትነሳ ቀረች፣ ስንት ጊዜ ተደገመች፣ ጨረሩ ስንት ነበር፣ ማን አነበባት፣ መቼ፣ የታካሚው ካርድ ውስጥ ሐኪሙ "ሲቲው ይሄን አሳይቷል" ብሎ ፅፏል ወይ፣ ከዛ በኋላስ የተቀየረ መድኃኒት ወይ ቀዶ ጥገና አለ።

ከ50ዋ ውስጥ አንዳንዷ መንገድ ላይ ትጠፋለች፣ እሷን ነው ይበልጥ መፈለግ ያለብን። ስልክ ቁጥሩ ካለ ታካሚው ጋ መደወል፣ ምን ሆኑ ብሎ መጠየቅ። አንዱ "ቀጠሮው ሩቅ ነበር ትቼው ሄድኩ" ይላል፣ አንዱ "ማሽኑ ተበላሽቷል ተባልኩ" ይላል፣ አንዱ ጋ ሌላ ሰው ያነሳና ታካሚው እንዳረፉ ይናገራል። ስልኩ ሲያልቅ ደግሞ ከሪፖርት መቀበያው መስኮት ጀርባ ገብቶ ያቺን መሳቢያ መክፈትና በላስቲክ የታሰረውን ፈትቶ ቀን በቀን መቁጠር ነው።